ጥርስ ነው ያልነው ትኩሳት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእህቴን ልጅ ማዘል ከጀመርሽ ወዲህ ወገብሽን እንዳመመሽ ሰማሁ፤ ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ የምጽፍልሽ ከሆስፒታል፣ ከሕፃናት ክፍል ነው። ልጄ አጠገቤ ተኝታለች። አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። አትደንግጪ፣ ጠዋት ትንሽ ጠብታለች። ከሰዓት ግን ትኩሳቱ ተመልሶ መጣባት። እየጠበቅን ነው።

በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ ቀየርኩ።

ያን ቀን ሰውነቷ ሞቅ ብሏል ብዬ ስደውልልሽ፣ ጥርስ ነው፣ ሁላችሁም እንዲሁ ነበራችሁ አልሽኝ። ግንባሯን ዳበስኩት፤ ብዙም አልመሰለኝም። ቀኑን ሙሉ ካውያ ጨብጣ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የምትውል ሴት መዳፍ ምን ይለያል? አዝያት ሥራ ገባሁ። እጇ ከውኃ የማይወጣው አጣቢዋ ባልደረባዬ የልጄን አንገት ነካ አድርጋ ክው አለች።

«የአንቺን እጅ አትመኚው፣ እሱ ራሱ ካውያ ሆኗል» አለችኝ። «ይቺ ልጅ እየነደደች ነው።»

እኔ አሁንም ጥርስ ነው አልኩ። የልጄን ልብስ ገልጣ አሳየችኝ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ይሰረጉዳል። ጡት ብሰጣት አልሳበችም። ይዣት ሮጥኩ፤ ካውያውን ማን እንደነቀለው እስካሁን አላውቅም።

ሐኪሟ ሳንባዋ ነው አለች። ጥርስ ትንሽ ቢያሞቅ እንጂ እንዲህ አያነድም፤ ሕፃን እያተኮሰው መጥባት ከተወ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ቀስቅሰውት አልነቃ ካለ፣ ማደር የለም አለችኝ። ቀጥላ በቤተሰባችሁ በሕፃንነቱ በትኩሳት የሞተ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ከእኔ በፊት የነበረው ወንድሜ በጥርስ ሄደ ስትሉ ነው የሰማሁት።

እማዬ፣ የእህቴ ልጅም ጥርስ ማብቀያው ደርሷል። ካተኮሰው እጅሽን አትመኚ፤ ያን ዕለት ይዘሽው ሂጂ። ለእህቴም ንገሪያት። እኔ ብነግራት ድሮም ፈሪ ነሽ ብላ ትስቅብኛለች። እሷ የምትሰማው አንቺን ነው።

እኔም የሰማሁት አንቺን ነው።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ምርቃትሽ ከልጄ ራስጌ አይለይ።

ልጅሽ