ቧንቧው ታሰረ፣ እኔም ቆለፍኩ

ለእታለሜ፣ ለታላቄ፣ ለሁለተኛዋ እናቴ፤

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ የምታነቢው ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽም ከሆነ የሚደግፍሽ ሰው ጥሪ። እጅግ ከባድ ነገር ደርሶብናል። በመንገዳችን የሚኖር፣ ትልቅ ትንሹን ሳይመርጥ ሲያጠጣ የኖረ፣ ከአፉ ክፉ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ወዳጃችን በጠራራ ፀሐይ ተይዞ በብረት ቤት ታስሯል። ዋስም ተከልክሏል።

መርዶም ቢሆን ግን ሰላምታን አይቀድምምና፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽ እንዴት ሆነ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ ወይስ እንደማይሄድ እንግዳ አልጋ አንጥፈሽለታል? አባባ እንዴት ነው? ጆሮው አሁንም የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከተላጠ አንድ ጉልበት በቀር ጤናዬ እንደ አዲስ ጎማ ነው፤ ቢመቱት ይነጥራል።

ታሳሪው ቧንቧ ነው። አትሳቂ፣ ገና መጀመሬ ነው።

ባለፈው በላክሽልኝ ደብዳቤ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጣልተሃል አሉ፣ በሰው አገር አርፈህ እንጀራህን ብላ፣ ዝም አይነቅዝም፣ አሁኑኑ ሄደህ እግራቸው ላይ ወድቀህ ይቅርታ ጠይቅ ብለሽኛል። ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ፤ ያ አፉ እንደተበሳ ጎማ ነፋስ የማይቋጥር የሾፌሩ ልጅ ነው። የነገረሽ ውሸት አይደለም፤ ግን ከመካከል ጀምሮ ነው የነገረሽ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እኔ ከሥሩ ልንገርሽ። አስተማሪነትሽን ለጊዜው ተይና ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጪው። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት በበሩ ሳይሆን በአጥሩ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ከምሠራበት ጎማ ቤት ፊት ለፊት አንድ የቦኖ ቧንቧ አለ። ማዘጋጃ ቤት ተክሎት ከሄደ ወዲህ ተመልሶ ደህና ነህ ወይ አላለውም። መንገዱ በሙሉ ከእሱ ይቀዳል። የሁሉም ነው ስለተባለ ግን የሚያየው አልነበረም። የእኛ ቤት ድስት ትዝ ይልሻል? ሲበላ እጁ የማይደርስ አልነበረም፣ ሲታጠብ ሁሉም ሥራ ነበረው። ቧንቧውም እንደዚያ ነው። ራሱ ተሰብሮ በላስቲክ ታስሮ ያንጠባጥባል፣ ሥሩ ጭቃ ነው፣ ቦዩ በቆሻሻ ተደፍኗል። የሚያልፈው ሁሉ «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» እያለ ይቀዳና ይሄዳል። እኔም እንደዚያው እያልኩ ነው ስቀዳ የኖርኩት።

ቧንቧው አጠገብ ቤታቸው ያለ አንድ ጡረተኛ ሰውዬ ይህን ሲያዩ ኖረው ኖረው አንድ ቀን ተነሡ። አዲስ ራስ አስገጠሙለት፣ ሥሩን በሲሚንቶ አስለሰኑት፣ በያጁን ጠርተው ዙሪያውን በር ያለው የብረት ሳጥን አሠሩለት። እውነቱን አልደብቅሽም፣ ያን ቀን ሁላችንም አጨበጨብን። ከሁሉ ይበልጥ የጮኸው የኔ ጭብጨባ ነበር። ጭብጨባው ሲያበቃ ሰውዬው ከኪሳቸው ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር አወጡና በበሩ ቀለበት ላይ አስገብተው ቀጭ አደረጉት። ቁልፉን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸው አባ ጓጉንቸር ሆነ። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አትጠይቂኝ።

መጀመሪያ ጧትና ማታ ይከፍቱልን ነበር። ቀጥሎ ደስ ሲላቸው ሆነ። ከምሳ በኋላ እሳቸው ሲተኙ ውሃውም አብሮ ይተኛል፤ የሚቀሰቅስ ወንድ የለም። ሰላምታ ያሳነሰ ሰው ባልዲውም ያንሳል። ለጎማ ቤታችን ጭራሽ ከለከሉን። የተበሳ ጎማ የሚገኘው ነፍተን ውሃ ውስጥ ስንነክረው በሚወጣው አረፋ ነው ብሎ አለቃዬ ቢያስረዳቸው፣ ጎማ ውሃ ሲጠማው አይቼ አላውቅም አሉት። በዚህ እንኳ እኔ ስቄ ዝም ብዬ ነበር። ዝም ማለት እንደምችል ለማስረጃ ያዢልኝ።

ዝም ያላልኩት በእትዬ ሳሙና ነው። እትዬ ሳሙና ከኔ ክፍል ጎን የምትኖር ልብስ አጣቢ ናት። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ከወረቀት ትንሽ ይወፍራል። ሳስል ከማዶ «ልበስ አንተ» ትለኛለች። ግራሶ የጠጣ የሥራ ልብሴን ያለ ክፍያ ታጥብልኛለች፤ ሂሳቡን በስድብ ታወራርዳለች። ባጭሩ፣ አንቺ እዚህ ብትኖሪ ኖሮ እሷን ትሆኚ ነበር። አባ ጓጉንቸር የሳሙናሽ አረፋ በራፌን አጨቀየው፣ ከእንግዲህ ለመጠጥ አንድ ባልዲ እሰጥሻለሁ፣ ለሳፋ ግን አልከፍትም አሏት። ሌላው ቧንቧ ያለው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። በዚያ ዳገት ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት የሷ ጉልበት የሚችለው አይደለም። ደንበኞቿ በሙሉ ደግሞ እዚህ መንገድ ላይ ናቸው። ምን እንዳደረገች ልንገርሽ? አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ከሥራ ስገባ በር ላይ ተቀምጣ ሳፋዎቿን አንዱን ባንዱ ውስጥ እየከተተች በገመድ ስታስር አገኘኋት። ወዴት ነው ስላት ውሃ ወዳለበት አለችኝ። እዚያ ማን ያውቅሻል ስላት ገመዱን አጠበቀች። ሳትሰድበኝ የቀረችው ያን ቀን ብቻ ነው። በጣም ፈራሁ፣ እታለሜ።

በማግስቱ ከአለቃዬ የዕቃ ሳጥን ላይ ጓጉንቸሩን ፈትቼ ሄድኩና፣ ቀለበቱ ሰፊ ነውና፣ ከአባ ጓጉንቸር ጓጉንቸር አጠገብ የኔን አስገብቼ ቆለፍኩ። ከዚያ ጎማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሰዎች ጀሪካናቸውን ደርድረዋል። አባ ጓጉንቸር ጉሮሯቸውን ጠራርገው መጡ፣ የራሳቸውን ከፈቱ፣ በሩን ሳቡት። እንቢ አለ። ደግመው ሳቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«አንተ ምን ቤት ነህ?»

«ጓጉንቸር ያለኝ ሰው ነኝ፣ እንደ እርስዎ።»

ከተሰለፈው ሰው መካከል አንዱ ሳቁን ሊያፍን ሲል በአፍንጫው አመለጠው። አለቃህን ጠርቼ ዛሬውኑ አስባርርሃለሁ አሉኝ። አለቃዬ እዚያው ቆሞ ስለነበር ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። እኔም እርስዎ ለሁሉም ከከፈቱ እኔም እከፍታለሁ፣ ሁሉም ማለት ደግሞ እትዬ ሳሙና ከነሳፋዋ ነች አልኳቸው። ብዙ ቆሙ። ፀሐዩም እየበረታ ሄደ። በመጨረሻ ተከፈተ፤ እትዬ ሳሙናም ሳፋዎቿን ከገመዱ ፈትታ ሞላች። የሾፌሩ ልጅ ያየው ይህን ነው። እዚህ ላይ አቁሞ ነው ወደ አንቺ የሮጠው።

የቀረውን ስሚ፣ ምክንያቱም የቀረው ያሳፍረኛል። እኔን አይቶ በያጁ የራሱን ጓጉንቸር አመጣ። ሻይ ሻጯም አመጣች። ቀስ በቀስ ያ ቀለበት ጓጉንቸር የሚያፈራ ዛፍ መሰለ። ሁሉም መብቱን ቆለፈ። የሁሉም ጓጉንቸር ባንድ ቀለበት ውስጥ ነውና አንዱ ከጎደለ በሩ አይከፈትም። ይህን የተረዳነው መቼ ነው? እኔ ከአለቃዬ ጋር ጎማ ልንጭን ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄጄ፣ ቁልፌን ኪሴ ውስጥ እያንቃጨልኩ ስዘፍን በዋልኩበት ቀን። መንገዱ ተጠምቶ ዋለ። ስመለስ አባ ጓጉንቸር መስኮታቸው ላይ ሆነው እንደ ሙሽራ ፈክተዋል። እትዬ ሳሙና ሳሙና የነካው ልብስ እንደ ደረቅ ቆዳ ተገትሮባት ደጃፌ ላይ ትጠብቀኛለች።

«ከአንድ ጌታ አወጣኸንና ለብዙ ጌታ ሸጥከን» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እኔ መልስ አጣሁ፣ እታለሜ፤ ይህን አባባም እንዲሰማው ጮክ ብለሽ አንብቢለት። እሷ በዚህ አላበቃችም። ከጉያዋ አንድ ትንሽ ጓጉንቸር አወጣች፣ ሁሉም ካለው እኔ ለምን ይቅርብኝ ብላ ገዝታው ነው። ቀለበቱ ላይ ልታስገባው ብትል ቦታ የለም። ብሽቅ ብላ በኔ ጓጉንቸር ቅስት ውስጥ አስገብታ ቆለፈችው። «ይኸው፣ አሠርኩህ» ብላኝ ገባች።

እኔ እዚያው ቀረሁ። የሷ ጓጉንቸር በኔ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሳየው ሳየው፣ ጓጉንቸር ጓጉንቸርን መያዝ ከቻለ ሁሉም ቀለበቱን መያዝ ለምን አስፈለገው አልኩ። ሮጬ አለቃዬን ያዝኩት። የከባድ መኪና ጎማ የምናስርበት ሰንሰለት አለው። ሁሉም ሰው ሥራ በማይገባበት ቀን ሰብስበን ጓጉንቸሮቹን ከቀለበቱ አስፈታን። ሰንሰለቱን በበሩ ቀለበት አሳልፈን ሁለቱን ጫፎች በጓጉንቸሮቹ አያያዝናቸው፤ የበያጁ በሻይ ሻጯ፣ የሻይ ሻጯ በእትዬ ሳሙና፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሕፃናት። እንግዲህ ከመካከላቸው አንዱ የራሱን ሲከፍት ሰንሰለቱ ይፈታል፣ በሩም ይከፈታል። ሲጨርስ መልሶ ያያይዛል። ሻይ ሻጯ ሞከረችው። ሰንሰለቱ ቀጨል ብሎ ወደቀ።

አባ ጓጉንቸር ብቻ ጓጉንቸራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ራቅ ብለው ቆመዋል። «እኔ ባላሠራው ይሄኔ ጭቃ ነበር የምትጠጡት» አሉ። ነገ ዞር ስትሉ ሲሰበር፣ ቦዩ ሲደፈን፣ ማን ሊያሠራው ነው፣ ይሄ ጎረምሳ ነው አሉና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ሁላችንም ወደ ቦዩ አየን። እውነት ነዋ! አጨብጭበን የሄድን ሰዎች ነን።

እኔ ግን ታውቂኛለሽ። «ያሠሩት እርስዎ ነዎት፣ አንክድም፤ ውሃውን ግን አልወለዱትም» አልኳቸው።

ሊመቱኝ ነበር መሰለኝ። እትዬ ሳሙና መካከላችን ገባችና እኔን ዝም በል አለችኝ። ጓጉንቸር የሰቀለ ሁሉ በተራው ቦዩን ይጥረግ፣ ሥሩን ይጠብ፣ የሚሰበረውንም ሁላችንም እናሠራዋለን፣ ያልጠረገ ሰው ጓጉንቸሩ ከሰንሰለቱ ይውጣ አለች። የመጀመሪያውን ተራ እኔ እወስዳለሁ፣ አረፋው የኔ ነው አለች። ከዚያ የሰንሰለቱን ጫፍ ወደ አባ ጓጉንቸር ዘረጋችላቸው። «ያን የእርስዎን ከኔ ላይ ያያይዙት።»

ሰውዬው ጓጉንቸራቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀረብ ብለው በሷ ላይ ቀጭ አደረጉት። የኔን ጓጉንቸር ግን ከሳቸው ጎን አላስገባም ብለው ከወዲያኛው ጫፍ አስደረጉት። እሺ አልኩ፤ ከዚያ ጫፍም ይከፍታል።

አሁን የምነግርሽን ለሾፌሩ ልጅ እንዳትነግሪ። የመጥረግ ተራዬ ሲደርስ ኳስ ላይ ሄጄ ረሳሁት። በማግስቱ ስመጣ ጓጉንቸሬ ከትርፉ የሰንሰለት ጫፍ ጋር ምስማር ላይ ለብቻው ተሰቅሏል፤ ሰንሰለቱ ያለ እኔ ተዘግቷል። በያጁን ክፈትልኝ ስለው «ጠርገሃል?» አለኝ። ሻይ ሻጯን ብላት እሷም «ጠርገሃል?» አለች። ሁሉን ነገር ያደረግሁላት እትዬ ሳሙና እንኳ በግድግዳው በኩል «ጠርገሃል?» ብላ ጮኸችብኝ። እየተሳደብኩ ጠረግሁ። አባ ጓጉንቸር መስኮታቸው ላይ ሆነው ጥጉን፣ ጥጉንም እያሉ አሠሩኝ። ያን ቀን ሳልናደድ አልቀረሁም። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ቀን እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው ያንኑ ቦይ ሲጠርጉ አይቻቸው ነበርና የምሳደበው ቀስ ብዬ ነበር።

ስለዚህ እታለሜ፣ ይቅርታ አልጠይቅም። አንገት ደፍተህ ኑር ያልሽኝንም አልኖርም፤ አንገቴ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። እሳቸውም እኔን ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ ተካክሰናል። ሲከብዳቸው ጀሪካናቸውን እሸከምላቸዋለሁ፤ ይህን የማደርገው ሽማግሌ ስለሆኑ ነው እንጂ ቁልፍ ስላላቸው አይደለም።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ የማይሰማ መስሎ ቢታይሽ ስለ ኳስ አውሪለት፣ ይሰማል። ለአክስቴ፣ ያወጣችልኝ የሚስት ዕጩ ጥሩ እንደሆነች፣ ግን ለአጎቴ የምትሻል እንደሆነች ንገሪልኝ። ባልሽን እንዴት ነህ በይልኝ፣ ራሰ በራውንም በክብር አብሺልኝ። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን ይማር፣ ትንሹ ግን አጥሩን ይለማመድ። እናንተን ለሚወዱ ጎረቤቶች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ለማይወዱም ይድረስ፣ ይናደዱ።

መርዶ ብዬ ያስደነገጥኩሽን ነገር አሁን ጽፌ ሳነበው፣ የአንድ ሳፋ ውሃ ጉዳይ ነው። ትንሽ ነገር ነው፣ ለወረቀቱም አዘንኩ። ብትመጪ ግን ቧንቧውን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ፤ ማንንም አላስፈቅድም።

ያንቺው ቁንጫ

ከጎማ ቤቱ ደጃፍ፣ ጎማ ላይ ተቀምጬ፣ ኅዳር ፱ ቀን፣ ከምሳ በኋላ