እታለም እና የፈቱባቸው መከለያ

እታለም በ1943 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱባት ባለ አንድ መስኮት ቤት ከአባታቸው መሥሪያ ክፍል ጀርባ ስለነበረች ግድግዳዋ ቀኑን ሙሉ በመዶሻ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሦስት ልጆች ታላቅ ስለሆኑ ታናናሾቻቸው «እታለም» አሏቸው። ስሙም ከቤት ወጥቶ ሰፈሩ፣ ተማሪዎቻቸው፣ በኋላም ባለቤታቸው ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሯቸው ጀመር። ነፍስ ካወቁ ጀምሮ መርፌና መጋዝ እኩል ይይዙ ነበር። አባታቸው በሰው ፊት «ሴት ልጅ መጋዝ አትይዝም» ሲሉ እናታቸው «ታዲያ የትናንቱን ጣውላ ማን የቆረጠልህ መሰለህ?» እያሉ ያሳፍሯቸው እንደነበር በቤተሰቡ ይወራል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው በ1962 ዓ.ም. የዕደ ጥበብ ማሠልጠኛ ገቡ፤ በእንጨት ሥራም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በዚያው ቢቆዩ ኖሮ ኑሯቸው ይቃና ነበር። ይህን ሲሉ የኖሩ ዘመዶች ዛሬም ለቀብራቸው መጥተው እዚህ ተቀምጠዋል። እርሳቸው ግን ወደ ሽመና ክፍል ተሻገሩ፤ ከሽመናው ወደ ሸክላ፣ ከሸክላው ወደ ብረታ ብረት። በየክፍሉ ከአዲስ ገቢዎች ጋር ኋላ ወንበር ላይ እንደገና ይቀመጡ ነበር። የሽመና መምህራቸው ተሰላችተው «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የምትጨርሺው?» ሲሏቸው «ምኑን?» ማለታቸው በተቋሙ ውስጥ እንደ ቀልድ ሲነገር ኖሯል። ቀልድ አልነበረም፤ ጥያቄው በእርግጥ አልገባቸውም። እንጨቱ እምቢ ያላቸውን ክሩ ይሰጣቸው እንደሆነ፣ ክሩ ያቃተውን ሸክላው ይችል እንደሆነ ማየት ነበር ሥራቸው። አንዱን ትተው ሌላውን የያዙበት ቀን የለም።

በ1968 ዓ.ም. ከአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ሳሎኑ በጣውላ፣ በጭቃና በሽቦ ሲሞላ የሚቀመጡበት እያጡ እንኳ አንድ ቀን አልተቆጡም። «ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ቀዳዳ አበጅታ ክር ታሳልፍብኛለች፤ ልውጣ» ብለው ወደ አውቶቡሳቸው ይሄዱ ነበር። በዘመናቸው ሥራቸውን በዘርፍ ሳይመድብ ያየላቸው እኚህ ሰው ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል።

እታለም በተማሩበት ተቋም ከሃያ ዓመት በላይ በጊዜያዊነት አስተማሩ። ቋሚ ቅጥር በጠየቁ ቁጥር የእንጨት ክፍሉ «እሳቸው ሸማኔ ናቸው» ይላል፤ የሽመና ክፍሉ «ሸክላ ሠሪ ናቸው» ይላል፤ የሸክላ ክፍሉ ስብሰባው ላይ አይገኝም። ሲሰናበቱ በተሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ላይ ሙያቸው «ልዩ ልዩ» ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱን ለቀለም መሞከሪያ ተጠቅመውበታል።

ባለቤታቸው በ1996 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አሁን ሁሉም የሚያነሣውን ትልቁን ሥራ ጀመሩ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተጣጣፊ መከለያ ነው። ማቀፊያው እንጨት ነው፤ በማቀፊያው ላይ ድር ተወጥሯል፤ በውስጡ የተደረደሩት ጠፍጣፋ ሸክላዎች ገና እርጥብ ሳሉ ስለተበሱ ድሩ በመሐላቸው ያልፋል፤ ማጉ ደግሞ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ምስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም። አንዱ ሌላውን ይዞ ነው የሚቆመው። ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ቆሞ እንዲያየው።

በ2006 ዓ.ም. አንድ የሥነ ጥበብ አዳራሽ ሥራዎቻቸውን ለማሳየት ተስማማ። አዳራሹ የእንጨት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሸክላና የብረት ክፍሎች ስላሉት መከለያው የት እንደሚቆም አስተዳዳሪው ሊወስን አልቻለም፤ «ካልተመደበ አይገባም» አለ። እታለም በዚያን ሰሞን ታመው ተኝተው ስለነበር ጉዳዩን የያዙት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን በጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ያሳለፉት እኚህ ሰው ዕድሉ እንዳያመልጣቸው ብለው መፍትሔ አገኙ። ድሩን በመቀስ ቆረጡ። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቀለሉ፤ ሽቦውን ፈትተው ጠቀለሉ፤ ማቀፊያውን አጣጠፉ። ሁሉንም በየክፍሉ አስረከቡ።

እታለም የመክፈቻው ዕለት በልጃቸው ተደግፈው ገቡና አራቱንም ክፍሎች ዞሩ። ከዚያ «ማን ነው የፈታው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እታለም። አንድም ሸክላ አልሰበርኩብሽም!» አሉ ወንድማቸው።

«አውቃለሁ ወንድሜ፤ ጥንቃቄህማ ያስታውቃል» ብለው ወጡ።

ታናሽ ወንድማቸው ከዚህ የሕይወት ታሪክ ይህ ክፍል ወጥቶ «ዐውደ ርዕዩ በድምቀት ተካሂዷል» በሚል እንዲተካ ጠይቀዋል። በድምቀት ተካሂዷል። መብራትም እንግዳም አልጎደለም፤ የጎደለው ሥራው ነው።

ድሩ በሸክላዎቹ ውስጥ ያለፈ ስለሆነ ተቀጥሎ አይድንም፤ እንደ አዲስ ተወጥሮ መሸመን ነበረበት። እታለም ይህን ለማድረግ አቅደው ሳለ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞች በሽታው እንደማይመለስ ነገሯቸው። ክፍልፋዮቹን ደግሞ ዘመድ «ለጊዜው እናስቀምጥልሽ» ብሎ ተከፋፍሏቸው ነበር። ማቀፊያው በወንድማቸው ቤት የመጽሐፍ መደርደሪያ ሆኗል። ከድሩ የተረፈው ክር ጨርቅ ተሠርቶበት በእህታቸው፣ ማለትም በእናቴ ሶፋ ላይ ተነጥፏል። ሸክላዎቹ የእህታቸውን ልጆች የአበባ ማሰሮዎች ተሸክመዋል። ሽቦው ብቻ በልጃቸው እጅ አለ። እታለም እስከ መጨረሻው ወር ድረስ እንዲመለስላቸው ይጠይቁ ነበር፤ ይሠሩታል ብለው ሳይሆን ወለል ላይ አንድ ላይ ተዘርግቶ ሊያዩት። «እሺ እታለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ያላላቸው የለም። ያመጣላቸውም የለም።

እታለም በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ባለፈው ሰኞ ጠዋት በቤታቸው አርፈዋል። አንዲት ሴት ልጃቸው፣ አንድ ወንድማቸው፣ አንዲት እህታቸውና የእህታቸው ልጆች በሕይወት አሉ።

ልጃቸው ከቀብር መልስ የመሥሪያ ክፍላቸውን ከፍታ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ወደየቤታችሁ ጎራ በሉና የያዛችሁትን ይዛችሁ ኑ። መልሶ የሚሸምነው ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ ወለሉ ግን ተጠርጓል።

ፈጣሪ የእታለምን ነፍስ ይማር። ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ፤ ዕቃውን እስኪያመጡ ድረስ ግን አይቸኩል።