ያዋስኩት መሰላል

ሰኞ፣ ጥር 6
ገበያው ቀዝቅዟል። አንድ ባልዲ ቀለም፣ ጥቂት ሚስማር፣ አንድ ቁልፍ... ይኸው ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መሰላል አውሰኝ ብሎ መጣ። የሱቁን ፊት ቀለም ሊያስቀባ ነው። "ከላይ ሦስተኛው እርከን ይነቃነቃል፣ እንዳይረገጥ" አልኩት። "ሰማሁ ጌታዬ፣ ሰማሁ" ብሎ ተሸክሞት ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥር 8
ቀለም ቀቢው ወደቀ። ከኔ መሰላል ላይ። ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። ያ እርከን ነው የከዳው... ሰፊው ሳይነግረው ቀረ ማለት ነው? እኔን ምን አገባኝ? በነጻ አዋስኩ፣ አስጠነቀቅኩ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ሰኞ፣ ጥር 13
የቀለም ቀቢው እህት ሱቅ መጣች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።
"ጋሼ፣ መሰላሉ መበላሸቱን ያውቁ ነበር?"
"ለሰፊው ነግሬዋለሁ።"
"የወጣው ሰፊው ነው እንዴ?"
ሐኪሙ እጁ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል ማለቱን ነገረችኝ። ሊከሱን ነው፣ ሁለታችንንም።

ዓርብ፣ ጥር 17
ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። "አስጠንቅቄያለሁ እኮ!" ስለው ፈገግ አለ።
"ካስጠነቀቁ ያውቁ ነበር ማለት ነዋ። መሰላል ሲያውሱ የሚወጣበትን ሰው ማሰብ ነበረብዎት። የጥንቃቄ ግዴታ የሚባለው ይሄ ነው።"
"የማላውቀውን ሰው?"
"የማያውቁትንም። ቀለም ቀቢ እንደሚወጣበት መገመት ያቅታል?"
መከላከያዬ ያልኩት ነገር ራሱ ማስረጃ ሆኖብኝ ቁጭ አለ። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ባወራት፣ "ሚስማር እየሸጥክ አንድ ሚስማር መምታት አቃተህ?" አለችኝ። ሰው ቤቱ ገብቶም አያርፍም!

ማክሰኞ፣ ጥር 21
ሰፊው በጓሮ በር መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
"ስማኝማ ወንድሜ። አንተ መነቃነቁን አላውቅም ነበር በል። እኔ ማንም አልነገረኝም እላለሁ። ማን ሰማን? ሁለታችንም ነጻ።"
"ሰውየውስ?"
"እሱማ ዕድሉ ነው፣ ምን እናድርገው!"
ያዋጣል። ነጋዴ ነኝ፣ የሚያዋጣ ነገር ሳይ አይጠፋኝም። ታዲያ ለምን እንዲህ አንገሸገሸኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 14
ፍርድ ቤት ዋልኩ። ዳኛዋ "እርከኑ እንደሚነቃነቅ ያውቁ ነበር?" አሉኝ። ሰፊው አፍጥጦ ያየኛል።
"አውቅ ነበር። ለእሱም ነግሬዋለሁ።"
ወደ እሱ ዞሩ። "ነግሮኛል" አለ፣ ወለል ወለሉን እያየ።
ካሳውን ሁለታችንም እንድንከፍል ተወሰነ። ኮሪደሩ ላይ ሰፊው "አቃጠልከን እኮ!" ብሎኝ አለፈ። አሁንም ቢሆን የባሰው ጥፋት የእሱ ነው ባይ ነኝ...
ቀለም ቀቢው ግራ እጁን ዘረጋልኝ። "ጋሼ፣ እውነቱን ስለተናገሩ እግዜር ይስጥልኝ።"
ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው። ሠርቶ የሚበላበትን እጁን አሰብሬው... ደግሞ ያመሰግነኛል?