ነብሩ ሲሸነፍ

ኅዳር 8፣ ሰኞ
ሱቅ ዋልኩ። የስልክ ከቨር ሸጥኩ፣ ካርድ ሸጥኩ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሰው ገደልኩ። በጌም ነው... ፖሊስ ካነበበው ብዬ ነው።

መርሳ ላይ ኢብቲሳም ነኝ፤ ጌሙ ላይ ግን "ግብር ሰብሳቢ"። ገና ስሙን ሲያዩ እንዲሸሹ። ማይክ አልከፍትም። የሴት ድምፅ ከሰሙ ወይ ይሰድቡኛል ወይ ያጩኛል፤ ለሁለቱም ጊዜ የለኝም።

የወልድያና የመርሳ ልጆች በሚገናኙበት ክፍል ገብቼ "ወሎ ነብር" የሚባለውን ጀግና ሣር ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። ተኮስኩት፤ ግብሩን ከፈለ። ከዚያ ማይኩን ከፍቶ፣ ሁሉም እየሰማ፣ እናቴን ሰደባት። ስድቡን አልጽፈውም። ወረቀቱም እናት አለው።

ገና ሳይጨርስ ከኋላው አንድ ሰው፣ "ጁነይድ፣ የሲኖው ፍሬን ሸራ አለ?" አለው። እሱም ወዲያው በማር ድምፅ፣ "አለ አባቴ፣ መጣሁ።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። ወልድያ፣ መለዋወጫ ሱቅ፣ ጁነይድ... እሁድ ሽማግሌ የሚልክብኝ ጁነይድ?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ
ደወለ። "እህቴ ኢብቲሳም፣ እማማ እንዴት ናቸው? ሰላም በይልኝ።" ያው ጉሮሮ ነው። ትናንት የሰደበበት። ሰላምታውን ለእማ አደረስኩ፤ መረቀችው።

ለወንድሜ ለዓሪፍ ነገርኩት። ሳቀና፣ ፊቴን ሲያይ ተወው። ጌም ነው እኮ፣ ተሸንፎ የማይሳደብ የለም አለ። አንተስ አልኩት። እኔ የምወረውረው ስልኬን ነው አለ።

እውነቱን ይሆን? ሰው በጌም ይፈረድበታል? አባና የልጁ አባት ሐራ ገበያ አብረው ከብት ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። አባ ካሁኑ "አማቼ" እያለ ነው የሚጠራው። ይህን ሁሉ በአንድ ስድብ ላፈርሰው?

ኅዳር 11፣ ሐሙስ
ችሎት ሰየምኩ። ዳኛዋም እኔ፣ ዓቃቤ ሕጓም እኔ። ዛሬ ጌሙ ላይ በእሱ ወገን ሆኜ ተሰለፍኩ።

መሀል ላይ ተመታሁ። ቆስዬ በደረቴ እየተሳብኩ የ"አንሳኝ" ምልክቱን ደጋግሜ ላክሁ። መጣ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። አጠገቤ ቁጢጥ አለ... ጥይቴን ወሰደ፣ መድኃኒቴን ወሰደ፣ ሄደ። እኔን አላነሳኝም። ቡድናችን ሲሸነፍም "በግብር ሰብሳቢው ነው" ብሎ ተራገመ።

አንሶላ ውስጥ ገብቼም እየተሳብኩ ነበር።

ኅዳር 12፣ ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ ደወለ። አንድ ዕድል ልስጠው ብዬ ጌም ትጫወታለህ ወይ አልኩት። አልፎ አልፎ አለ። ስትሸነፍስ? አልኩት።

"ያሸነፈውን እንኳን ደስ አለህ ብዬ እወጣለሁ። ጨዋታ አይደል?"

ስድቡን ልርሳ ብዬ ነበር። ይህን ውሸት ግን የት አስቀምጠዋለሁ?

ኅዳር 14፣ እሁድ
ሽማግሌዎቹ መጡ። በሐጂ አብዱልሐሊም መሪነት። ከወልድያ በአንድ ሚኒባስ ተጭነው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። ደንቡ ይታወቃል። ልጅቱ ትጠየቃለች፣ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ እሺታ ነው፣ ዱዓ ይደረጋል። ከእኔ የሚፈለገው ምንም አለማለት ብቻ ነበር። እንዲህ ቀላል ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ሐጂ ጠየቁ። ዝም አልኩ። ሐጂ መዳፋቸውን ለዱዓ መዘርጋት ጀመሩ። አባ ፈገግ አለ።

"አልፈቅድም፣ ሐጂ።"

ሐጂ እጃቸውን መልሰው ምን በደለሽ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጌሙን፣ ስድቡን፣ ቆስዬ መውደቄን፣ የስልኩን ውሸት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሳቅ ተነሡና የሐጂን ፊት አይተው ወደ ሳል ለወጡት።

እማ ግን አልሳቀችም። "እኔን? የት ያውቀኝና?"

"አያውቅሽም እማ። ለሚያውቀው ሰው ጨዋ ነው።"

ሐጂ ምርኩዛቸውን አነሡ። ዛሬ ዱዓ የለም፣ ልጁን ራሴ አመጣዋለሁ ብለው ወጡ። አባ እስከ በር ሸኛቸው፤ ሲመለስ በአጠገቤ አለፈ። እንደሌለሁ ቆጥሮ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ
ሐጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር አመጡት። የእማ ጉልበት ላይ ወደቀ። ላቡ እውነተኛ ነበር፤ እሱን አልክድም። "አፉ ይበሉኝ፣ እናቴ።" እማ አፉ አለችው፣ እኔም አልኩት።

ሽማግሌዎቹ እንግዲያስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ይቅር ብያለሁ፣ አላገባም አልኩ። እንዴት ተናገርኩት? ጁነይድ ቀና ብሎም አላየኝ።

ታኅሣሥ 5፣ እሁድ
አባ ትናንት "ሻይ አለ?" አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያናገረኝ ይኸው ነው። አለ አልኩት።

ወሬው የጌሙ ክፍል ውስጥ ገብቷል። ከጌም ስሙ በስተጀርባ የማን እጮኛ፣ የማን አማት እንዳለች ስለማይታወቅ ሁሉም ሁሉን ፈርቷል። ዛሬ አንዱ ግንባሬን ብሎኝ ሲያበቃ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስቀየምኩዎት?" አለኝ። ወልድያና መርሳ በአንቱታ እየተታኮሱ ነው። ጁነይድ አልታየም። ስሙን ለውጦ ይሆናል... ጠባዩንም ከለወጠ ደግ።

እማ ምስር እየለቀመች አጠገቤ ተቀምጣለች። አሁን አሁን ስጫወት ትከታተለኛለች።

"ዛሬ ማን ሰደበኝ?" አለችኝ።

"ማንም፣ እማ።"

ሰፌዱን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

"ተሸንፈሻላ።"