የአያሌው ሹመት

ሰኞ
አያሌውን ሾሙት። ጣሊያኖቹ ገበያው መሐል አቁመው ካባ አለበሱት፤ የደብረ ታቦር አካባቢ ሹም ሆነ። ሰው ሁሉ እጅ ነሳ። እኔም ነሳሁ።
ከጎረምሳነታችን ጀምሮ አብረን ጨው ነግደናል፤ አንዲት በቅሎ ላይ እየተፈራረቅን። ዋጋ መቁረጥ የማውቀው እኔ ነበርኩ። እሱ የሚያውቀው ሰው ማሳቅ ነው። በኋላ እሱ ሱቅ ከፈተ፣ እኔ ቆዳ እያዞርኩ ቀረሁ። አሁን ደግሞ ይኸው።

ማክሰኞ
ባለቤቴ የሺ ከውሃ ስትመለስ "እሳቸው የታሰሩትን ገበሬዎች አስፈቱ አሉ" አለችኝ። እሳቸው የምትለው አያሌውን ነው። እኔን ዕድሜ ልኳን አንተ ስትለኝ ኖራለች። እራት አልበላሁም።

ረቡዕ
ቢሮው ሄድኩ። የቆዳ ንግድ ፈቃድ ልጠይቅ ነው አልኩ፤ ውሸት ነው፣ ወንበሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ላየው ነው። ስገባ "እንደምን አደሩ፣ አንቱ" ብዬው አረፍኩ። ሳቀና "ተው እንጂ ወንድሜ፣ እኔና አንተ ደግሞ" አለኝ። ፈቃዱንም ሰጠኝ። ቢኮራብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ
የአያሌው በቅሎዎች እህል ጭነው ወደ ጣራ ገዳም ይሄዳሉ። ለመነኮሳቱ ነው ይባላል። ነጂው ዛሬ ጠላ ቤት ሞቅ ብሎት "መነኩሴ ጠመንጃ ይይዛል እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ። ለካ እህሉ ለአርበኞች ነው። ጣሊያኖቹ ቢሰሙ ይሰቅሉታል።
ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ዓርብ
ከጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ደጃፍ ደረስኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ ደርድሬ ጨርሻለሁ። ወጥቶ "ምን ፈለግህ?" አለኝ። አያሌው ገመዱ አንገቱ ላይ ሆኖም ሰቃዮቹን ሲያስቃቸው ታየኝ። "የበሬ ቆዳ ትገዛለህ?" አልኩት። አልገዛም አለ።

ቅዳሜ
አያሌው የለም። የእህሉ ነገር ሊታወቅበት ሲል ካባውን ጥሎ ጫካ ገብቷል። ሰኞ ለት በሆዳቸው ባንዳ ያሉት ሁሉ ዛሬ ጀግናው ይሉታል። ሹመቱም የሱ፣ ጀግንነቱም የሱ።
ከሰዓት አስተርጓሚው መጣ። "የአያሌውን ቦታ ላንተ አስበዋል። ትናንት ደጄ የመጣኸው ለዚሁ አልነበር? ነገ ከቅዳሴ በኋላ እወስድሃለሁ" አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

እሑድ፣ ሳይነጋ
እንቅልፍ የለም። ብሾም የእሱን ትራፊ ነው። ጫካ ብገባ አያሌውን ተከትሎ ገባ ይሉኛል። የትም ብዞር ፊቴ ላይ እሱ አለ። ይህን ሁሉ ለየሺ ነገርኳት። ሰማችኝና "እንግዲህ እሱን እሱን ስታይ፣ እምቢ ብለህ ልትሰቀል ነው ወይስ ተሹመህ ሰው ልትሰቅል?" አለችኝ።
ተነሥታ በሶ ቋጥራ በቅሎአችንን ልትጭን ወጣች። አሁን ከደጅ እየጠራችኝ ነው፦ "ሰው ሳይነሣ ወደ ጫካው እንውጣ።"