በሙሄዲን ራስ ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ

ኮምቦልቻ፣ ጥር 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ይርጋ፣

እንደምን ሰነበቱ? የአሰብ ሙቀት እንዴት አደረገዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከምስጋናዬ በፊት ግን አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገርዎትና ይውጣልኝ። ያንን የባለቤቴን የራጅ ፊልም ፍየል አልላሰውም። ቤታችን ፍየል ኖሮም አያውቅ። በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ።

አይሳቁብኝ እንግዲህ። ሙሄዲን መኪናው ላይ ወጥቶ የጭነቱን ሸራ ሲወጥር ገመዱ ተበጥሶ በጭንቅላቱ የወደቀ ጊዜ፣ ደሴ ወስደነው እርስዎ ራጅ አነሱት። ዶክተሩም "አጥንቱ አልተሰበረም፣ ይረፍ" ብሎ ፊልሙን አስይዞ ሰደደን። ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ታዲያ ፊልሙን ሳያይ አይሄድም። እኔም መስኮቱ ላይ ለጥፌ አሳያለሁ። ጎረቤቴን ፀሐይነሽን ያስታውሷታል አይደል፣ ያቺ አብራን መጥታ ወረፋውን ሁሉ ስታስቅ የዋለችውን? አንገቷን አዘንብላ አይታ አይታ፣ "ወይ ሙሄዲን! ከነሥጋህ ይልቅ እንዲህ ያምርብሃል። ጥርስህ ራሱ!" አለችው። እሱም ሳቀ። ቀጥላ ግን ግንባሩ መሀል ያለችውን ነጭ ነጥብ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "ከሪማ፣ ሻማ አንጠብጥበሽበታል" አትለኝም!

እንግዳ ፊት እንዲህ መባል ለእኔ ሞት ነው። ሰው እንደወጣ በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት፣ አልለቅም አለ። ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፌ ያገኘሁትን ሳሙና አውጥቼ አሸሁት። ጠርዙ ተላጠ፣ ያ የተወደሰ ጥርስ ደበዘዘ፣ ነጥቧ ግን ንቅንቅ አላለችም። "አንቺ ሴትዮ፣ እሱ እኮ የእኔ ጭንቅላት ነው፣ ቀስ በይ!" አለኝ ሙሄዲን አልጋው ላይ ሆኖ። ያኔ ገና ይቀልድ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቀልዱ ጠፋ። ቀን ሙሉ ይተኛል። ግራ ጫማውን በቀኝ ያጠልቃል። እኔን በእህቱ ስም ይጠራኛል። አንድ ቀን የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሲሰግድ ከጓዳ ሆኜ አየሁት፤ አራቱን ረከዓ ጨርሶ ማብቃት ሲገባው ለአምስተኛው ተነሳ፣ ለስድስተኛው፣ ለሰባተኛው። ረከዓ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው! ጎረቤቱ "ጅን ነው" አለ፤ "ጫት አብዝቶ ነው" ያለም አልጠፋ። እኔ ግን ሰባተኛው ላይ ይህ ሰው ከእጄ እየሄደ ነው አልኩ። በነጋታው ጓደኛው ሾፌሩ ጀላል በመኪናው ጭኖን ደሴ ወጣን።

ያን ቀን ፊልም የለም እየተባለ ሰው ሁሉ ይመለስ ነበር። እርስዎ ሙሄዲንን ስሙን ቢጠይቁት የእህቱን ስም ነገረዎት። ወዲያው ለአደጋ ያስቀመጧትን የመጨረሻዋን ፊልም አውጥተው አነሱት። ከዚያ እርጥቡን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"እቴ፣ የፊተኛው ፊልም የታለ?"

ወላሂ ጋሽ ይርጋ፣ ጠቅልዬ ከነጠላዬ ሥር ይዤው ነበር። ፖስታው ላይ ግን "የመንግሥት ንብረት" የሚል ማኅተም አለበት። በዚያው ሰሞን ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ አሻጥር ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲነገረን ነው የዋለው። የመንግሥት ንብረት አበላሸች እንዳልባል ፈርቼ "ፍየል ልሶት ተበላሸ፣ ጣልነው" አልኩዎት።

እርስዎ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ስሚኝ። ይህ መሣሪያ አጥንት እንጂ አንጎል አያሳይም። ግን አንጎሉ መሀል የጠጠረች አንዲት ነጥብ አለች። አንጎል ወደ ጎን ከተገፋ እሷም አብራ ትገፋለች። ዛሬ ወደ ቀኝ ሄዳለች። ዶክተሩ 'ጭንቅላቱ ዘመም ብሎ ተነስቶ ይሆናል' ይለኛል። መሀል እንደነበረች ካላሳየሁት እስከ ሰኞ ያቆየዋል። ይህ ሰውዬ ደግሞ እስከ ሰኞ የሚቆይ አይመስለኝም።"

ከነጠላዬ ሥር አወጣሁት። ተቀብለው አሸተቱት። "የእናንተ ፍየል አፏን በሳሙና ነው እንዴ የምትታጠበው?" አሉኝ፣ ሳይስቁ። ፊልሙን ሲዘረጉት ያቺ ላጥባት የታገልኳት ነጥብ መሀል ላይ ቁጭ ብላለች። ሁለቱንም ይዘው ሮጡ። የሆስፒታል ሠራተኛ በኮሪደር ሲሮጥ ያን ቀን ገና አየሁ።

ከሰዓት በኋላውኑ ዶክተሩ አጥንቱን በስቶ የተጠራቀመውን ደም አወጣለት። በሦስተኛው ቀን ሙሄዲን ዓይኑን ገለጠ። "ከሪማ፣ ዛሬስ ፊልሜን አጠብሽው?" አለኝ። ከሪማ ብሎ ጠራኝ ጋሽ ይርጋ! ያለቀስኩትን ልቅሶ አስታማሚው ሁሉ ሰምቶታል። ላመሰግንዎት ብሮጥ ግን አሰብ ተዛውረዋል፣ ትናንት ሄዱ አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ምስጋናው ደረቴ ላይ ተቀምጦ ቀረ። እንግዲህ ይቀበሉኝ፤ ባሌን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።

ከዚያ ወዲህ በእርስዎ ቦታ የተተካችው አረጋሽ አንድ ጊዜ አንስታዋለች። ነጥቧ ወደ ቤቷ ግማሽ መንገድ ተመልሳለች። ሙሄዲንም እንደ እሷ ነው፤ ረከዓው ልክ ሆኗል፣ ቀን ሲጋመስ ግን ይደክመዋል፣ የሰው ስም ይጠፋበታል። የአሰብን መንገድ አሥራ አንድ ዓመት የነዳ ሰው ቤት ተቀምጦ፣ "መሪ ካልያዝኩ ምኑን ኖርኩት?" እያለ ይነጫነጫል። ዶክተሩ ደግሞ ነጥቧ መሀል ሳትገባ፣ እሱም ሳይፈትነው መሪ እንደማያስነካው ነግሮታል። የፊታችን ሐሙስ እንደገና ራጅ ይነሳል።

ይህን ደብዳቤ ጀላል ያደርስልዎታል። የሐሙሱንም ነገር ሳላሳውቅዎት አልቀርም። ነጥቧ ገና መንገድ ላይ ከሆነች በጀላል እጅ ሌላ ወረቀት ይደርስዎታል፣ እኛም መጠበቃችንን እንቀጥላለን። ቤቷ ገብታ፣ ዶክተሩም እሺ ካለ ግን አልጽፍም። በርዎ ሲንኳኳ ይክፈቱ። ጭንቅላቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሾፌር አራት ፊልም ታቅፎ ይቆማል። ጠርዙ የተላጠውን አስቀድመው ይዩልኝ።

ሳሙናዋን የጨረሰችው እህትዎ፣
ከሪማ