ስለ ወ/ሮ ኦብሴ ዱጉማ ሞትና ሳይደገም ስለቀረው የደም ምርመራቸው

የላቦራቶሪያችን የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወ/ሮ ኦብሴ ዱጉማ በእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ሲሰቃዩ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የትሩፋት የሕክምና ላቦራቶሪ አመራርና ሠራተኞች ሐዘናችን ከባድ ነው፤ በቃላት ለማቅለልም አንሞክርም።

ወ/ሮ ኦብሴ ላፍቶ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው አደጉ። በ2001 ዓ.ም. መካኒሳ በሚገኘው ላቦራቶሪያችን ተቀጥረው ሕመሙ እስኪጥላቸው ድረስ አገልግለዋል።

በ2013 ዓ.ም. የማህፀንና የእንቁልጢ ካንሰር በደም ኢንዛይሞች ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሚለካ ጥናት አስጀመሩ። ኤልዲኤች የተባለው ኢንዛይም መጨመሩ ብቻውን ካንሰር አለ አያሰኝም፤ ተጨማሪ ምርመራ ግን ይጠይቃል። ችግሩ፣ የጥናቱ ታካሚዎች ደም ከሚሰጡበት ከላፍቶ ናሙናው በሚኒባስ ታክሲ ሲመጣ ደሙ እየተናጠ ቀይ ሕዋሳቱ ይሰባበራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ኤልዲኤችም ይፈሳል፤ ያን ጊዜ መጠኑ ያለ በሽታም ከፍ ይላል።

ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ከፍ ያለ የታካሚ ውጤት ሁሉ በአዲስ ደም እንዲደገም ደንብ አወጡ። መመላለስ የሰለቻቸውን ሴቶች ራሳቸው እየደወሉ፣ «እናቴ፣ አትደንግጪ፤ መንገዱ አበላሽቶት ይሆናል፤ ብቻ ነገ እንዳትቀሪ» ይሏቸው ነበር። ተደግሞም ከፍ ያለባቸው በጊዜ ወደ ሆስፒታል ተልከዋል። ከእነርሱ መካከል ቀብራቸው ላይ ቆመው ያለቀሱ አሉ።

ለማነጻጸሪያ የጤነኞች ደም ስለሚያስፈልግ ሠራተኞች የራሳችንን መስጠት ልማዳችን ነው። በ2016 ዓ.ም. ወ/ሮ ኦብሴም ላፍቶ ላይ ከታካሚዎቹ ጋር ሰጡ፤ ውጤታቸው ከፍ ብሎ ወጣ። ከደሙ የተለየው ፈሳሽ፣ ሕዋሳት ሲሰባበሩ እንደሚሆነው፣ ትንሽ ቀላ ብሎ ስለነበር መንገዱ ያበላሸው መሰላቸውና ውጤቱን ከጥናቱ አስወጡት፤ ናሙናው ግን ከጤነኞቹ ጋር እንደተቀመጠ ቀረ። ሌላዋን ሁሉ ነይ የሚሉት ሴት የራሳቸውን ለማስደገም ጊዜ አጡ። ሆዳቸው መነፋት ሲጀምር ዓመት አልፎ ነበር፤ በሽታውም ተሰራጭቶ ነበር።

ይህን በሐዘን መግለጫ ማውጣት እንዳልተለመደ እናውቃለን። እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ ውጤቷን ችላ ያለች አንዲት ሴት እንኳ ሰምታ ትመለስ ብለው። ከእንግዲህ የሠራተኞችም ከፍ ያለ ውጤት እንደ ታካሚዎቹ ሁሉ ይደገማል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ፍሮምሳ ነገሪ፣ ለልጃቸው ለሴና፣ ለላፍቶ ዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ያ ናሙና እስካሁን በማቀዝቀዣችን ውስጥ አለ። በኑዛዜያቸው መሠረት ከጤነኞቹ መደርደሪያ አንሥተን ከታማሚዎቹ ጋር አኑረነዋል።

ትሩፋት የሕክምና ላቦራቶሪ
መካኒሳ፣ አዲስ አበባ